የምድጃ ጢስና የሳንባ ደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን

በትክል ድንጋዮቿ በምትታወቀው ጥያና በአካባቢዋ የገጠር ቀበሌዎች ቆጮ የሚጋገረው፣ ጎመኑም የሚቀቀለው በአብዛኛው በእንጨት እሳት ነው። ምድጃው ከመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ሲሆን፣ ጢሱን ከሁሉ አብልጠው የሚስቡት እናቲቱና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። ጢስ እንደሚያስል ሁሉም ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ብዙም የማይታሰብ ሌላ ተጎጂ ነው፤ የሳንባን የደም ሥሮች ከውስጥ የሚሸፍኑትን ሕዋሳት እንመለከታለን።

ሳንባችን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። እነዚህን ከረጢቶች እንደ መረብ የተጠላለፉ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይከቧቸዋል። የሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ኢንዶቴሊየም ይባላል፤ የአንድ ረድፍ ሕዋሳት ንጣፍ ነው። አየርንና ደምን የሚለየው ግድግዳ በስሱ ቦታ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል፤ ኦክስጅን በቀላሉ የሚያልፈውም ስለዚህ ነው።

ቀድሞ ይህ ሽፋን ተራ ገበር ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ግን አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፈርችጎት፣ ሽፋኑ የተፋቀ የደም ሥር እንዲላላ የሚያዘውን ኬሚካዊ መልእክት እንደማይቀበል አሳዩ። መልእክቱን የሚያስፈጽመው ከሽፋኑ የሚመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1998 ለፈርችጎትና ለሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች የኖቤል ሽልማት አስገኘ። በአንጻሩ ሽፋኑ ሥሩን የሚያጠብ ኢንዶቴሊን የተባለ ንጥረ ነገርም ያመነጫል። ጤና የሚጠበቀው ሁለቱ ሲመዛዘኑ ነው።

ጢስ ይህን ሚዛን ያዛባል። ደቃቅ ብናኞቹ ሽፋኑን ያስቆጣሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያንሳል፤ ሥሮቹ ይጠባሉ፣ በዓመታት ብዛትም ግድግዳቸው ይወፍራል። ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋው የልብ ቀኝ ክፍል ከአቅሙ በላይ ይሠራና ውሎ አድሮ ይደክማል። ስለዚህ ዳገት ያቃታትና እግሯ ያበጠ እናት የልቧ ሕመም ምንጩ ሳንባዋ ሊሆን ይችላል።

በሳንባ ምች ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ፈጣን ነው። ሕዋሳቱን የሚያያይዙት መጋጠሚያዎች ይላላሉ፤ ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል፤ ሕፃኑም ትንፋሽ ያጥረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ የቤት ውስጥ ጢስ ሕፃናት በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸውን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል።

የሥሮቹን ሚዛን ለመመለስ የሚረዱ መድኃኒቶች ዛሬ አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ማእድ ቤቱን ከመኝታ መለየት፣ ለምድጃው ጢስ ማውጫ ማበጀት፣ ሕፃኑን ከእሳት ዳር ማራቅ ከዚያ ይቀላል። ትንፋሹ የፈጠነ ሕፃን ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።