የሚታይ ጠርሙስ፣ የሚታመን ነጋዴ



ክረምቱ ወጥቶ የላስታ ተራሮች በአበባ ሲሸፈኑ በኩልመስክና በአካባቢዋ ማር የሚቆረጥበት ወቅት ይደርሳል። ታዲያ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነጭ ማር ላኩልኝ ሲል አንዲት ቃል ሳይጨምር አይቀርም፦ «ከምታውቁት ሰው ግዙልኝ!» ማሩ በአገር የታወቀ ነው። ያልታመነው ሻጩ ነው። ስኳር ቀላቅሎበት ይሆን?

ለመሆኑ አንድ አነስተኛ ምግብ አምራች የሩቅ ገዢን አመኔታ በምን ያገኛል? ለዚህ ትምህርት የሚሆን አንድ ታሪክ እናውጋችሁ።

ሔንሪ ሃይንዝ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1869 የሚያቃጥል የሥር ተክል ፈጭቶ በኮምጣጤ እያሸገ መሸጥ ጀመረ። በዚያ ዘመን ብዙ ነጋዴዎች ርካሽ ሥር ይቀላቅሉና እንዳይታወቅባቸው ባለ ቀለም ጠርሙስ ይጠቀሙ ነበር። እሱ ግን ውስጡ ጥርት ብሎ በሚታይ ጠርሙስ አደረገው። ገዢው አይቶ ይግዛ ማለቱ ነው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የገበሬዎችን የኪያር ምርት በተቆረጠ ዋጋ ሊገዛ ተዋዋለ። ምርቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ፤ የሚከፍለው ገንዘብ አጣና በ1875 ከሠረ። በሚቀጥለው ዓመት ከዘመዶቹ ጋር እንደገና ጀመረ። ሕግ ባያስገድደውም የቀድሞ ዕዳውን በደብተር መዝግቦ ቀስ በቀስ ከፈለ።

በ1886 ለንደን ሄደ። እንደሚተረከው ሰባት ዓይነት ምርቶቹን በሻንጣ ይዞ በ1707 ወደተመሠረተው፣ ለቤተ መንግሥት ዕቃ ወደሚያቀርበው ፎርትነም ኤንድ ሜሰን ወደተባለው የባለጠጎች መደብር በዋናው በር ገባ። ሹማቸውን አቀመሰው፤ ሁሉንም ገዙት።

እንግዲህ እናስተውል። ታላቁ መደብር ስሙን ያውሳል እንጂ ጥራት አይፈጥርም። የሃይንዝ ጥራት ለንደን ከመድረሱ በፊት ቤቱ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነበር። ውድቀቱም ቢሆን ያስተምረናል፤ ከአቅም በላይ ቃል መግባት ታማኙን ሰው እንኳ ይጥላል። ትልቅ ገዢ የተገኘ ዕለት «የፈለጋችሁትን ያህል እናቀርባለን» ከማለት በፊት ቀፎን መቁጠር ይገባል።

የእኛም ማር በር አልተዘጋበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ማሯን ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ እንድታቀርብ ተፈቅዶላታል። ነገር ግን ማር ጭስና እርጥበት ይስባል። በዓለም አቀፉ መለኪያ ውኃው በአብዛኛው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በሰም የታሸገውን የበሰለ ማር ብቻ መቁረጥ፣ ጭስ መቀነስ፣ ከእጭ መለየትና በንጹሕ ዕቃ መክደን ያስፈልጋል። ገዢም ይወቅ፤ ማር መርጋቱ ብቻውን ስኳር ለመቀላቀሉ ማስረጃ አይሆንም።

ቁርኣን ውስጥ 16ኛው ሱራ በንብ ስም ተሰይሟል። ንቧ ንጹሑን ሠርታ ሳለ እኛ ብናበላሸው በገዢውም፣ በንቧም፣ በአላህም ዘንድ እናፍራለን።

ወጣቶች ሆይ! የአባቶቻችሁን ማር በሚታይ ጠርሙስ አድርጉት። የአምራቹን ስም፣ ቀበሌውንና የተቆረጠበትን ወር ጻፉበት። ዘንድሮም ከርሞም ያው ማር ይሁን። ያኔ የአዲስ አበባው ዘመድ «ከምታውቁት ሰው» ማለቱን ይተዋል፤ ሰውየውን ራሱ ያውቀዋልና።