ስልካችን እንዲጠለፍ የሚፈቅደው ማን ነው?

እኔ በምኖርበት በቁስቋም ሰፈር የስልክ ወሬ ወደ ፖለቲካ ዘንበል ሲል «በአካል እናወራለን» ብሎ መዝጋት የቆየ ልማድ ነው። እንደ ከንቱ ፍርሃት የሚያዩት አሉ። ሕጉንና በተግባር የታየውን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ግን መሠረት ያለው ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንደማይደፈሩ ይደነግጋል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ይህንኑ በሚዘረዝር ሕግ ነው። መንግሥት መጥለፍ ይችላል ማለት ነው። ጥያቄው በማን ፈቃድ የሚለው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድድ ነበር። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 23 ግን የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ባይገለጽም በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ጠበቃው እንግዲህ ፈቃድ መኖር አለመኖሩን በምን ይሞግት? ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የተገኘ የስልክ ዝርዝርና የተቀዳ ንግግር እየቀረበላቸው የተመረመሩ ሰዎችን ቃል አስፍሯል።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ንግግራችን እንዳይሰማ ነው። የጥሪ መዝገቡ ግን ከዚያ አያንስም። ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በየትኛው አንቴና በኩል ደወለ የሚለውን ይይዛል። ሌሊት ሌሊት ቁስቋም ካለ አንቴና ጋር የሚገናኝ ስልክ ባለቤቱ የት እንደሚያድር ይናገራል፤ ለዚህ ማንም ጆሮውን መደቀን አያስፈልገውም።

ርቀትም አያድንም። በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ሽፋን ስም የቀረበ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ኮምፒዩተሩ ፊንስፓይ በተባለ የስለላ ሶፍትዌር ለወራት ተጠልፎብኛል ሲል የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በማለት ክሱን ዘጋው። የተጠለፈው ሳሎኑ ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ነው፤ አቤት የሚልበት ችሎት ግን አላገኘም።

አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ግን ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚጎዳ ወንጀል ሲያሠጋና ጉዳዩ አስቸኳይ ሲሆን፣ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠለፋ እንዲፈቅድ፣ ምክንያቱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ይላል። በ48 ሰዓት ስንት ነገር እንደሚሰማ አንባቢ ይገምተው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የዘገየ ቢሆንም በጎ ጅምር ነው። ለፋይዳ አሻራችንን፣ የዓይናችንን ምስልና ፊታችንን እየሰጠን ባለንበት ወቅት «ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?» ብለን እንድንጠይቅ መብት ሰጥቶናል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሆኑ ልብ ይባል። የጠለፋ ፈቃድ ግን የሚጠየቀው ባለስልኩ በሌለበት በመሆኑ፣ ጥያቄውን መቼና ለማን እንደሚያቀርብ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።