ከባሕር ማዶ እስከ አያት ቤት

በወሎ፣ ወልድያም ሆነ መርሳ፣ ወይም በሀብሩ ገጠር፣ እናት አባቱን ያጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ አይወድቅም። አያቱ ወይም አክስቱ ትይዘዋለች፤ ጎረቤትም አይጨክንበትም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የሕክምና ወጪ፣ ክረምት ሲገባ የሚያልቀው እህል። ባሕር ማዶ ያሉ ምእመናን በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን «ፈረንጅ የሚያሳድገው ልጅ» ብለን የምናልፈው ይህ ስፖንሰርነት እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ዛሬ በስፋት የታወቁት ሁለት ድርጅቶች የተወለዱት ከኮሪያ ጋር ተያይዞ ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ቦብ ፒርስ ወርልድ ቪዥንን በ1950 እ.ኤ.አ. መሠረተ። ሌላው ሰባኪ ኤቨረት ስዋንሰን ደግሞ በኮሪያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ሴኡል ላይ አይቶ ሲመለስ በ1952 እ.ኤ.አ. የዛሬውን ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል ጀመረ። በዚያው ጊዜ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም እዚያው ነበሩ። ከደመወዛቸው አዋጥተው በ1953 እ.ኤ.አ. ዶንግዱቾን ከተማ ውስጥ ለኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተዋል። ይህን ታሪክ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢማሩት እወዳለሁ፤ ኢትዮጵያዊ በዚህ ጉዳይ እጁን የዘረጋው ለመቀበል ብቻ አይደለም። ኮምፓሽን በ1993 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ውስጥ ሥራውን ሲያበቃ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ገባ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኮሪያ ምእመናን ራሳቸው ስፖንሰር ሆኑ።

ገንዘቡ ለልጁ በእጁ አይሰጥም። በኮምፓሽን አሠራር የሚቀበለው በአካባቢው ያለ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ቤቱ በምን እንደሚተዳደር ይጠይቃሉ፤ ፎቶ ያነሱታል፤ የሚወደውን ጨዋታ ሳይቀር ይመዘግባሉ። ያ ፎቶ ከአገር ወጥቶ አንድ ጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ አንድ ሰው ያነሳውና «ይህን ልጅ እኔ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ትምህርት በሌለበት ቀን ወደ ቅጥር ግቢው ይመጣል፤ ይበላል፣ ያጠናል፣ ክብደቱ ይለካል፣ ሲታመም ይታከማል።

ለስፖንሰሩ ደብዳቤ የሚጻፍበት ቀን የተለየ ነው። ልጆቹ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው አያታቸው ደህና እንደሆነች፣ ዝናቡ በጊዜ እንደመጣ፣ ከክፍል ስንተኛ እንደወጡ ይጽፋሉ፤ በቀረው ቦታ ላይ ላም ወይም ቤት ይሥላሉ። አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። አባቱን በወጉ ያላወቀ ልጅ በስሙ የተጻፈለት ደብዳቤ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

ወሎ ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይደለችም። በ1966ቱ ረሃብ አብያተ ክርስቲያናትና ረድኤት ድርጅቶች ተባብረው ዛሬ ሲሲአርዲኤ የሚባለውን ኅብረት መሠረቱ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚሰበስቡ ማሳደጊያዎች በየቦታው ተከፈቱ። ነፍስ አድነዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ቅጥር ውስጥ ያደገ ልጅ ሲወጣ ዘመድ የለው፣ መሬት የለው። በዚያ ዘመን የተቋቋመው የኢየሩሳሌም ሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት ኋላ ፊቱን ወደ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ያዞረው ይህን አይቶ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት መመሪያም ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ያዛል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጅን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ መስጠት በሕግ ቀርቷል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ከአያት ነጥቆ ከማሳደግ አያትን መደገፍ ይሻላል።

ሀብሩ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። የወረዳው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በወሎ ደግሞ እስልምናና ክርስትና በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው እርዳታ የደሃ አደጉን ችግር እንጂ ሃይማኖቱን መጠየቅ የለበትም። ልጁን ስትረዳ የአያቱን ጸሎት ልታስተወው ከፈለገች፣ የያዘውን ቤት መልሳ ታፈርሳለች።

የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የዚህን አሠራር ደካማ ጎን አሳይቷል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ ሲቆዩ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ልጆቹን ያቆየው የጎረቤት እህል ነበር። ከዚያም ወዲህ በሀብሩ ወረዳ ያለው የጃራ መጠለያ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን ሲያስጠልል ቆይቷል፤ የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች የሚመዘግባቸው ቋሚ ሰፈር እንኳ የላቸውም።

በውጭ ያሉ የኢትዮጵያውያን አጥቢያዎች ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁ ጥሩ ነው፤ ልጁ ማን ቤት ነው? ያቺ አሳዳጊ የራሷ ገቢ፣ ሁለት በግም ሆነ ጥቂት ዶሮ፣ እንዲኖራት ምን ታስቧል? ስፖንሰሩ ቢያቋርጥ ወይም መንገድ ቢዘጋ በቦታው የሚተካ እድር ወይም አጥቢያ አለ ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ከተገኘ ወርኃዊ መዋጮው ቶሎ ይጀመር፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ አይጠብቅም።