ስለ ኑዛዜ

ብዙ ሽማግሌዎች መናዘዝ ሞትን መጥራት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ እያሉ ያቆዩታል። በድንገት ሲሞቱ ግን ልጆቻቸው ከለቅሶው ቤት ወጥተው በዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ አባት በላቡ የሰበሰበው ገንዘብም በሙግት ያልቃል።

በቀድሞ ዘመን የታመመ ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ በፊታቸው ይናዘዝ ነበር። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በ2 ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝን ይፈቅዳል። ነገር ግን በቃል የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም፤ ተናዛዡም ከዚያ በኋላ 3 ወር በሕይወት ቢቆይ ቃሉ ይፈርሳል።

ስለዚህ ቤት ያለው ሰው በጽሑፍ ሊናዘዝ ይገባዋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል። መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ካልተገለጠ ግን ዋጋ የለውም።

የተናዘዘ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከንብረቱ ምንም አይጎድልበትም፤ ሐሳቡን ቢለውጥም ኑዛዜውን ሊሽረው ይችላል። እንግዲህ አስተዋይ ሰው አእምሮው ሳይደክም ቤቱን ያሰናዳል፤ ለልጆቹ ከሚተወው ገንዘብ ይልቅ የሚተውላቸው ሰላም ይበልጣልና።