ካልኩሌተር በሒሳብ ክፍል፦ ከነገሌ ገበያ እስከ ፈተና አዳራሽ

በነገሌ ቦረና የከብት ገበያ ሻጭና ገዥ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ድምሩን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የእጅ ስልክ ነው። አሥራ ዘጠኝ ፍየል እያንዳንዱ በ4 ሺህ 850 ብር ቢሸጥ፣ ስልኩ በቅጽበት 92 ሺህ 150 ብር ብሎ ይገላግላል። የነጋዴው ልጅ ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀመጥ ስልክም ሆነ ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። በ2014 ዓ.ም ይህን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ውጤት ፊት መምህሩ ካልኩሌተርን ወደ ክፍል ለማስገባት ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ሥጋቱ ግልጽ ነው፦ መሣሪያው ካለ ልጁ የማባዣ ሠንጠረዡን ይረሳል። ይህ ሥጋት በሌላው ዓለም ለአሥርት ዓመታት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሄምብሪና ዴሳርት የተባሉ ተመራማሪዎች 79 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ካልኩሌተር ከተለመደው ትምህርት ጎን ለጎን ሲሰጥ የተማሪዎችን በወረቀት የማስላት ችሎታ እንዳልጎዳ አረጋግጠዋል። ልዩ ሆኖ የተገኘው 4ኛ ክፍል ብቻ ነበር፤ በዚያ ደረጃ አዘውትሮ መጠቀም መሠረታዊውን ክህሎት ያደናቅፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሊንግተን 54 ጥናቶችን መርምራ የጨመረችው ነጥብ ደግሞ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይቀርባል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መሣሪያው በማስተማሩም በፈተናውም ሲፈቀድ ነው። በፈተና የተከለከለ መሣሪያ በክፍል ውስጥ የሚኖረው ሚና ጠባብ ነው፤ ጠባብ ነው ማለት ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ጣት ቢሳሳትና ስልኩ 921 ሺህ 500 ብር ቢል፣ ስሕተቱን የሚይዘው ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው። ሃያ ፍየል በአምስት ሺህ ብር 100 ሺህ ይሆናል፤ እውነተኛው መልስ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ግምት ቀድሞ ያላሰላ ልጅ ስክሪኑ ያሳየውን ሁሉ ያምናል። በሌላ በኩል ተራውን ካልኩሌተርና ሳይንሳዊውን ጎን ለጎን አድርጎ 2 ሲደመር 3 ሲባዛ በ4 የሚለውን በተከታታይ ቢነካ፣ አንዱ 20 ሌላው 14 ይላሉ። ሁለቱም አልተበላሹም። ተራው የተነካለትን በተራ ሲሠራ፣ ሳይንሳዊው ማባዛትን ያስቀድማል። የስሌት ቅደም ተከተል ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚሁ ከቦረና ምድር የሚገኝ ሌላም ምሳሌ አለ። የቦረና አያንቱዎች፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠር አዋቂዎች፣ ወራቱን በጨረቃ ሲቆጥሩ ለቀናቱ 27 ስሞች አሏቸው። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ስሞቹ አልቀው እንደገና ይጀምራሉ። አሥራ ሁለት ወር 354 ቀን ነው ብንል፣ ከዓመት በኋላ ቀኑ በየትኛው ስም ላይ ይውላል? ካልኩሌተር 354ን ለ27 ሲያካፍል 13.111 ይላል። ይህ ቁጥር ለጠያቂው ምንም አይነግረውም። መልሱ ያለው በቀሪው ነው፤ አሥራ ሦስት ዙር 351 ቀን ይወስዳል፣ ሦስት ይቀራል፣ ስሙም ሦስት ቦታ ይገፋል። አያንቱው ይህን የሚያደርገው ያለ ወረቀት ነው።

ኮምፒውተርን በተመለከተ አገሪቱ ያለፈችበት ትምህርት አላት። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሒሳብ ትምህርት ጭምር በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መተላለፍ ሲጀምር፣ ሩቅ ያሉ ከተሞች ከመዲናዋ እኩል ይማራሉ የሚል ተስፋ ነበር። ሆኖም ስክሪኑ ተማሪው ሲደናገር ቆም አይልም፤ መምህሩም ለመግቢያና ለማጠቃለያ ከተተወችለት አጭር ጊዜ በቀር ተመልካች ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርትም ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ አገሮች በሒሳብ ውጤታቸው የረባ መሻሻል አላሳዩም።

ልዩነቱ ማሽኑ በማን እጅ እንዳለ ነው። ጂኦጀብራ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መምህሩ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር የፓራቦላን ቀመር እየቀያየረ ኩርባው ሲሰፋና ሲጠብ ማሳየት፣ ጥያቄ ሲነሣም ማቆም ይችላል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ስልሳ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የቆላው ተማሪ አይጥ መጎተትንና ገጽ መቀየርን ከፈተናው ቀን በፊት መልመድ ይኖርበታል፤ ካልኩሌተር ግን አሁንም የለም። ጥያቄውን ከስክሪን እያነበበ ስሌቱን በእጁ ይሠራል።