«መድኃኒት» ወይስ «ማሟያ»፦ ስለ ስያሜና ስለ ሕግ

ለአንድ ነገር የሚሰጠው ስያሜ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሕግ በስያሜ ላይ ሲመሠረት፣ የቃሉ ምርጫ የማስረጃው ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ከአሜሪካ በተወሰደ ምሳሌ ካስረዳን በኋላ፣ ስለ አማርኛው አቻ ያለንን ሐሳብ እናቀርባለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ አንድ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት አምራቹ ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን ማስረዳት አለበት። የመጀመሪያው ግዴታ በ1938፣ ሁለተኛው በ1962 ተደነገገ። በ1994 የወጣው ሕግ ግን ቫይታሚንን፣ ማዕድናትን፣ ዕፀዋትንና የመሳሰሉትን ማሟያዎች ከምግብ ወገን መደባቸው። በዚህም ምክንያት ማሟያ ያለ ቅድመ ፈቃድ ይሸጣል፤ አደገኛነቱን የማስረዳቱ ሸክም የመንግሥት ነው። ኤፌድራ የተባለው ተክል ያለባቸው ማሟያዎች የታገዱት ሕጉ በወጣ በዐሥር ዓመቱ፣ በ2004 ነበር።

የሁለቱ ስያሜዎች ድንበር ጎልቶ የታየው በቀይ እርሾ ሩዝ ላይ ነው። በቻይና ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ምግብ ሞናኮሊን ኬ የተባለ ንጥረ ነገር ይገኝበታል። ይኸውም የሜርክ ኩባንያ በ1987 ለኮሌስትሮል መድኃኒትነት ካስፈቀደው ሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው። ፋርማኔክስ የተባለው ድርጅት ከሩዙ የተሠራውን ኮሌስቲን በማሟያነት ሲሸጥ፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1998 «መድኃኒት ነው» ሲል ወሰነ። ፍርድ ቤት በ1999 ለድርጅቱ ቢፈርድም፣ ይግባኝ ሰሚው በ2000 ሻረው። የውሳኔው መሠረት የ1994ቱ ሕግ ራሱ ነው። በሕጉ መሠረት አስቀድሞ በመድኃኒትነት የተፈቀደ ንጥረ ነገር፣ ከዚያ በፊት በምግብነት ወይም በማሟያነት ካልተሸጠ በቀር ማሟያ ሊባል አይችልም። እንግዲህ ቀድሞ ያስፈቀደ የመድኃኒት ኩባንያ ስያሜውንም ገበያውንም ይይዛል ማለት ነው። ሆኖም ነገሩን የሁለት ጎራዎች ጠብ አድርጎ መመልከት አይገባም፤ ባየርን የመሳሰሉ የመድኃኒት ኩባንያዎች ራሳቸው ቫይታሚን ይሸጣሉና።

ወደ አማርኛው ስንመለስ፣ «መድኃኒት» ከግእዙ «ድኅነ» የወጣ በመሆኑ የመዳንን ተስፋ በውስጡ ያዘለ ነው። ክኒን የሚመስለውን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት፣ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መናገር ይሆናል። «ተጨማሪ ምግብ» ደግሞ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ከጡት ጋር ለሚሰጠው ምግብ የተለመደ ስለ ሆነ ያደናግራል። ስለዚህ «የምግብ ማሟያ» የሚለውን እንመርጣለን። ቃሉ ፈውስን አይናገርም፤ ከዚህም በላይ የሚሟላው የጎደለ ነገር ስለ ሆነ፣ ገዢው «ለመሆኑ ምን ጎድሎብኛል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።