ምርጊቱ ከርጭቱ ይቅደም

ክረምቱ ሲወጣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ ይበረታል። በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በሀገራችን የተነሣው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሕይወት እንደቀጠፈ ይገመታል። ይህችው ትንኝ በቆዩት የጭቃ ቤቶቻችን በበር ብቻ አትገባም፤ ዋና መግቢያዋ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ክፍተቱን ለመድፈን ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ስፍራውን ጠርጎና በውኃ አርሶ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ መምረግ ይበቃል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል። ሆኖም ሁሉ ከተደፈነ ቆርቆሮው ያጋለው አየርና የምድጃው ጭስ መውጫ ያጣሉ። ስለዚህ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መስኮት ከፍቶ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይገባል፤ ነፋሱ ያልፋል፣ ትንኟ ትቀራለች።

ከሁሉም በላይ ጊዜውን ማስተዋል ያሻል። ብዙዎቻችን ቤታችንን የምንመርገው ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ነው። የፀረ ወባ ኬሚካል የተረጨ ግድግዳ በበዓል ዋዜማ ከተመረገ ግን ኬሚካሉ ከጭቃው ሥር ይቀበራል፤ በላዩ የምታርፈው ትንኝም አትሞትም። እንግዲህ የውስጡ ምርጊት ከርጭቱ በፊት ይጠናቀቅ፤ ከተረጨ በኋላ ለበዓሉ የውጪውን ግድግዳ ብቻ ማሳመር ይቻላል።

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የርጭቱን ቀን ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከቅዳሴ በኋላም ለምእመናን አሳውቁ። ሥራውን ከአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ብትጀምሩ ሌላው አይቶ ይከተላል። ቤቱ ቢደፈንም አጎበሩ አይታጠፍ።